በደረቅ አገር ስለሚበቅለው ስለ ራስ ክምርና ከአበባው ስለምትቀስመው ወፍ

የክረምቱ ተከላ ባለቀ ጊዜ ከየወረዳው ወደ በላይ መሥሪያ ቤት የሚላከው ጽሑፍ ዘወትር የሚናገረው ስንት ችግኝ በመሬት እንደ ገባ ነው። በሚቀጥለው ግንቦት ከእነዚያው ችግኞች ስንቱ ሕያው ሆኖ እንደ ተገኘ የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን እጅግ ያነሰ ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል፤ ሕዝቡም እንዲህ ባለ ትጋት ለሥራ መውጣቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መትከል የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ማጽደቅ የዓመታት ሥራ ስለ ሆነ፥ ለደረቅ አገር የሚሰጠው ችግኝ ከመታዘዙ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ባይኖር ይህ ተክል በምን ይኖራል? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ ከሩቅ አገር ዘር ማስመጣት አያስፈልግም። መልሱ በየመንገዱ ዳር፥ በየድንጋይ ካቡ ሥር፥ በየደብሩ ቅጥር ዙሪያ ቆሞ ይገኛል። ስሙን በአንዳንዱ ስፍራ ራስ ክምር፥ በሌላው የፈረስ ዘንግ ይሉታል። የሥነ ዕፀዋት ሊቃውንት ሌዎኖቲስ ኦኪሚፎሊያ ብለው የመዘገቡት ይኸው ቁጥቋጦ ነው፤ ሌዎኖቲስ ማለትም ከጽርእ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ የአንበሳ ጆሮ ማለት ነው። ስሙን የሰጡት ሰዎች ጠጕራም የሆነውን የአበባውን ከንፈር አይተው አንበሳ አሰቡ፤ የአገሩ ገበሬ ደግሞ ቀጥ ያለውን ዘንጉን አይቶ ፈረስ አሰበ። ራስ ክምር ያለው ግን ከሁለቱም ይልቅ መልኩን አጥርቶ ተናግሯል፤ በአንዱ ዘንግ ላይ ክብ ክብ የሆኑ የአበባ ራሶች በየመካከላቸው ጥቂት ባዶ እየተዉ አንዱ ካንዱ በላይ ተከምረው ይታያሉና።

ቁመቱ ከሰው ቁመት ይተካከላል፥ በተመቸው ስፍራም ይበልጣል። ዘንጉ በጣት ቢዳሰስ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው፤ በዚህም ምልክት የበሶብላ፥ የዳማ ከሴ፥ የጦስኝና የጥንጁት ዘመድ መሆኑ ይታወቃል። አበባው የብርቱካን መልክ ያለው፥ እንደ ቱቦ የረዘመና ወደ ፊት የጐበጠ ሲሆን፥ ከሥሩ የያዘው ጽዋ ጫፉ እሾኻማ ስለ ሆነ በባዶ እጅ አጥብቆ የያዘውን ሰው ይወጋል። ከታች ያለው ራስ አብቦ ሲጨርስ የበላዩ ስለሚቀጥል፥ አንዱ ዘንግ ብዙ ሳምንት ሙሉ አበባ አያጣም። ለደረቅ አገር የሚሆንበት ምክንያት ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። ሥሩ ወፍራምና እንጨታማ በመሆኑ፥ በጋው ቅጠሉን ቢያረግፈው፥ ሰውም ዘንጉን ለማገዶ ቢቈርጠው፥ ዝናብ በጣለ ጊዜ ከዚያው ከሥሩ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። በወይና ደጋና በደጋ፥ አፈሩ ሥሥ በሆነበት ዳገት ሳይቀር ይገኛል። ሰው ያልተከለው፥ ሰውም ያላጠጣው ሆኖ ሳለ ዛሬ ድረስ መቆሙ ከማናቸውም የምስክር ወረቀት ይልቅ ስለ ጥንካሬው ይመሰክራል።

ይህን ቁጥቋጦ የሚያዘወትሩት ወፎች ከበቅሎ ቤት ዝንብ ጥቂት የሚበልጡ እስኪመስሉ ድረስ ትንንሾች ናቸው፤ መንቈራቸው ቀጭንና እንደ ማጭድ የጐበጠ ነው። ወገናቸው ብዙ ሲሆን በደጋው አገር ይበልጥ የምትታወቀው አንዲቱ ናት፤ ሊቃውንቱም በወንዛችን ስም ተከዜ ብለው ጠርተዋታል። ይህ ስም የተሰጣት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1814 ዓ.ም. ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ስለ ሐበሻ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ተባዕቱ ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ በመታው ጊዜ ግን ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል፥ ከጅራቱም ሁለት ላባዎች ረዝመው ይወጣሉ። እንስቲቱ አመድማ ናትና ብዙ ሰው ሳያስተውላት ያልፋል። በአዲስ አበባ አበባ ባለበት ግቢ ሁሉ ትታያለች፤ ስሟ ከአገሩ ወንዝ የተወሰደ መሆኑን የሚያውቅ ግን ከመቶ አንድ ሰው መገኘቱ ያጠራጥራል።

ወፊቱና ቁጥቋጦው የሚገናኙበት ነገር ሊደነቅ የሚገባው ነው። የአበባው ማር ከረጅሙ ቱቦ በስተ ኋላ ስላለ አጭር አፍ ያለው ነፍሳት በቀላሉ አይደርስበትም። ወፊቱ ግን በዘንጉ ላይ፥ ወይም በታችኛው የአበባ ራስ ላይ ቆማ መንቈሯን ስታስገባ ማሩን ታገኛለች፤ በዚያው ቅጽበት በላይኛው ከንፈር ሥር ያለው የአበባ ዱቄት ግንባሯን ይቀባታል። ወደ ሌላው ቁጥቋጦ በሄደች ጊዜ ዱቄቱን ታደርስለታለች፥ በዚህም ዘሩ ይያዛል። ስለዚህ አንዱ መብሉን ሲያገኝ ሌላው ዘሩን ያገኛል። እንዲሁም እሬት፥ ኮርች፥ በረጃጅሙ ተራራ ላይ ያለው ጅብራም የእነዚህን ወፎች ጕብኝት የሚጠብቁ ናቸው። ራስ ክምር በተመነጠረበት ዳገት ወፉ የሚበላው አጥቶ ቢሄድ፥ ጕዳቱ በራስ ክምር ብቻ የሚያበቃ ሳይሆን ወደ እነዚህም እንዲያልፍ ማሰብ ይገባል።

በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ይህንኑ ሥራ የሚሠሩት ሃሚንግበርድ የሚባሉት ወፎች ናቸው። ወገናቸው ከ300 የሚበልጥ ሲሆን ከአሜሪካ በቀር በሌላ ክፍለ ዓለም በዱር አይገኙም፤ ከእነርሱ አንዲቱ በኩባ ደሴት የምትኖረው ክብደቷ 2 ግራም ያህል ብቻ ስለ ሆነ ከወፎች ሁሉ ታናሽ ናት። ከኢትዮጵያ አበባ ቀሳሚ ወፎች ጋራ ዝምድና የላቸውም። ክንፋቸውን እጅግ ፈጥነው እያርገበገቡ በአየር ላይ ቆመው ይቀስማሉ እንጂ እንደ ተከዜዋ ወፍ መቆሚያ ዘንግ አይሹም። ሆኖም ከራስ ክምር ወገን የሆነው የደቡብ አፍሪካው ቁጥቋጦ፥ የአንበሳ ጭራ ተብሎ የሚጠራው፥ ወደ ካሊፎርኒያ ተወስዶ በብዙ ሰው አትክልት ስፍራ ተተክሏል፤ የሚተክሉትም ድርቅ ስለሚችልና ሃሚንግበርድ ስለሚጠራላቸው ነው። የአፍሪካ ቁጥቋጦ ባሕር ተሻግሮ በገንዘብ ሲገዛ፥ ወንድሙ በተወለደበት አገር ለመንገድ ጠረጋ በገጀራ ሲወድቅ መታየቱ ትንሽ ያስገርማል።

ስለ ካሊፎርኒያ ከተነሣ ዘንድ፥ በዚያ አገር የተደረገውን አንድ ነገር አገር ለሚያስተዳድሩ ሁሉ ማስታወስ ይጠቅማል። ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ብርቱ ድርቅ በደረሰ ጊዜ፥ የግዛቱ ገዢ ጄሪ ብራውን ሚያዝያ 1 ቀን 2015 (እንደ እነርሱው አቈጣጠር) ትእዛዝ አወጣ። በትእዛዙ የከተሞች የውሃ ፍጆታ በመቶ 25 እንዲቀነስ፥ ከዚህም ጋራ ለጌጥ ብቻ የተተከለው ሣር 50 ሚሊዮን ስኩዌር ጫማ በሚያህል ስፋት ተነሥቶ ድርቅ የሚችል ተክል እንዲተካበት አዘዘ። ይህ ስፋት ወደ ሄክታር ቢለወጥ 460 ያህል ነው። የዚያ አገር ሰዎች ብዙ ውሃ ጠጪ የሆነውን ሣር ለውበቱ ሲሉ ዘመናት አጠጥተውት ኖሩ፤ የድርቁ ጊዜ ሲመጣ ግን በዱራቸው የነበረውን ፈለጉ። ከፈለጉትም አንዱ የካሊፎርኒያ ፉክሲያ የሚባለው ቀይ አበባ ያለው ትንሽ ቁጥቋጦ ነው፤ ሌላው ሁሉ በደረቀበት በበጋው መጨረሻ ስለሚያብብ ለሃሚንግበርድ ስንቅ ይሆናል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የእነርሱን ቁጥቋጦ ማስመጣት አይደለም። የሚወሰደው፥ ድርቅ ከመምጣቱ በፊት የራስን ማወቅ ነው።

የባዕድ ተክል ሁሉ ክፉ ነው ማለት ግን ከእውነት መራቅ ይሆናል። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1890ዎቹ፥ ወደ አገር ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አድኗል፤ ዛሬም የስንት ገበሬ ቤት ማገርና ወራጅ፥ የስንቱም የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ከእርሱ ይወጣል። ለእንጨት ቢፈለግ ይተከል። በእርከን ላይና በምንጭ አጠገብ ግን ውሃውን ከሰብሉ ጋራ ይሻማል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው የፕሮሶፒስ ነገር ነው። ይህ እሾኻም ዛፍ ከዚያው ከሃሚንግበርድ አገር ከአሜሪካ መጥቶ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአፋር አገር የተተከለው ድርቅ ይችላል፥ አፈርም ይጠብቃል በሚል በጎ አሳብ ነበር። ድርቅ መቻሉስ እውነት ሆነ። ነገር ግን ከብቱ ፍሬውን በልቶ ዘሩን በእበቱ በየስፍራው ስላደረሰለት፥ የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በብዙ መቶ ሺሕ ሄክታር የሚቈጠር የግጦሽ መሬት ወረሰ። አርብቶ አደሩም ሣሩን አጣ። ድርቅን መቻል ብቻውን ለአንድ ተክል በቂ ምስጋና እንዳይደለ ከዚህ ይታወቃል፤ በአገሩ ላይ ሲኖር ከጎረቤቶቹ ጋራ የቈየበት ዘመንም መመርመር አለበት። ራስ ክምር ይህን ፈተና ካለፈ ቈይቷል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከባለ ይዞታዎች ዘንድ የሚሰማው ተቃውሞ ሦስት ዓይነት ነው። ፊተኛው ወፍ የሚያመጣ ተክል በእርሻ አጠገብ አይወደድም የሚል ነው፤ ማሽላውን በግሪሳ ላጣ ገበሬ ይህ ፍርሃት አይፈረድበትም። ግሪሳ ግን መንቈሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ እህል ለመፈልፈል የተሠራ ነው። የአበባ ቀሳሚዋ መንቈር ቀጭንና ጐባጣ በመሆኑ የማሽላ ፍሬ ለመስበር አይችልም። ጫጩቶቿንም የምታሳድገው ትልና ሸረሪት፥ ትንንሽ ነፍሳትም እየለቀመች ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ስም ወፍ ብሎ መክሰስ፥ ሌባንና እረኛን በአንድ ገመድ እንደ ማሰር ይቈጠራል።

ሁለተኛው ቁጥቋጦ መሬት ይሻማል የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው፤ በጠባብ ማሳ መካከል ራስ ክምር ይተከል የሚል ሰው ቢኖር ሊሰማ አይገባውም። ስፍራው የእርከኑ የታችኛው ጠርዝ፥ የቦረቦሩ አፍ፥ የመንገዱ ዳር፥ ከብት እንዳይገባበት የተከለከለው ተራራ፥ የግቢውም አጥር ነው። ይህ ሁሉ ዛሬም ሰብል የማይሰጥ መሬት ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ አይጥ ነው፤ ካብ ባለበት እርከን ላይ ቁጥቋጦ ሲጠቀጠቅ አይጥ መደበቂያ ያገኛል። ለዚህ መድኃኒቱ ዘሩ ከረገፈ በኋላ በየዓመቱ ዘንጉን ዝቅ አድርጎ መቍረጥ ነው። ከሥሩ የሚያቈጠቍጥ ስለ ሆነ በመቈረጡ አይጐዳም፤ የተቈረጠውም ለማገዶ ይሆናል።

የንብ ነገር ሳይነሣ ቢቀር ጽሑፉ ጐደሎ ይሆናል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ይልቅ ብዙ ማር የምታወጣ አገር ስለ ሆነች፥ ለገበሬው ስለ አበባ ሲነገረው አስቀድሞ የሚጠይቀው ንብ ትወደዋለች ወይ ብሎ ነው። በዚህ ረገድ ራስ ክምርን ከልክ በላይ ማመስገን አይገባም፤ ቱቦው ለንብ አፍ ረጅም ነውና። ለንብ የሚሻለው ጥንጁት ነው። ጥንጁትም እንደ ራስ ክምር የአገር ልጅ ነው፤ ቅጠሉ በአመድማ ጠጕር የተሸፈነ በመሆኑ ፀሐይን ይችላል፥ በደረቁ ዳገት ላይም በብዛት ይገኛል። የጠላውን ጋን የሚያጥን፥ ጢሱም ትንኝን ከቤት የሚያባርር ስለ ሆነ ለባልቴቶች ስለ ጥቅሙ ማስተማር አያስፈልግም፤ እነርሱ አስተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ በአንዱ ዳገት ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ቢተከሉ፥ አፈሩ እጅግ ባነሰበት ድንጋያማው ጫፍ ላይም እሬት ቢታከልበት፥ ወፉም ንቡም የቤቱ እመቤትም ከዚያው ያገኛሉ።

እንግዲህ የቀረው የሹማምንት ፈንታ ነው። አንድ ሹም ስለ ቁጥቋጦ ማሰቡ ከማዕርጉ ዝቅ ያለ ነገር ሊመስለው ይችል ይሆናል። ነገር ግን ገበሬው መንገድ ሲጠርግ ራስ ክምሩን ከሥሩ የሚነቅለው መንገዱ ይጽዳ የሚል ትእዛዝ ስለ ደረሰው ነው፤ ከሥሩ እንዳይነቀል የሚል ቃል በትእዛዙ ላይ ቢጨመር የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። በተከለከሉት ተራሮች ላይም ለባሕር ዛፍ ጕድጓድ ሲቈፈር፥ ቀድሞ በስፍራው የበቀለው ቁጥቋጦ ዱር ነው ተብሎ ይመነጠራል። ያን ጊዜ ዓመታት የሠራው ሥር ከመሬት ይወጣና፥ በምትኩ ገና ሥር ያልሰደደ ችግኝ ይገባል፤ ጐርፉም በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ አይጠብቅም። ስለዚህ ከመትከል በፊት ያለውን መቍጠር ይቀድማል። በወረዳው የግብርና ሠራተኛ እጅ፥ በእያንዳንዱ የተከለከለ ተራራ ላይ ራስ ክምር፥ ጥንጁትና እሬት በየትኛው ወገን እንዳሉ የሚያስረዳ ጽሑፍ ቢኖር መልካም ነው።

ሌላው ስለ ችግኝ ጣቢያዎች ነው። ጣቢያው የሚያፈላው የታዘዘለትን ነው፤ የሚታዘዝለትም በሪፖርት ላይ ዛፍ ተብሎ የሚጻፈው ነው። ቁጥቋጦ በቍጥር ካልገባ ማንም አያፈላውም። ይህን ልማድ የሚለውጠው ከበላይ የሚመጣ ምክር ብቻ ሳይሆን የወረዳው ሹም በሚያወጣው የችግኝ ትእዛዝ ላይ አንድ መስመር መጨመሩ ነው። ሰፊ ይዞታ ያላቸውም ሰዎች በመንገድ ዳር ባለው አጥራቸው ቢጀምሩ፥ ጎረቤት አይቶ ይከተላል፤ በዚህ አገር ገበሬ ዘንድ የሚታመነው የተነገረው ሳይሆን በጎረቤት ማሳ የታየው ነውና።

ሥራውን ለሚጀምር ሰው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። አበባው ረግፎ ራሶቹ ቡናማ ሆነው በደረቁ ጊዜ ዘንጉን ቈርጦ በነጭ ጨርቅ ላይ ገልብጦ መምታት ነው፤ ጥቃቅኑ ዘር ከጽዋው ይረግፋል። ስለ እሾኹ በእጅ ላይ ጨርቅ መጠቅለል ይበጃል። ዘሩ በለሰለሰ መደብ ላይ ተዘርቶ ጥቂት አፈር ይለብሳል፤ ሲበቅልም ወደ መያዣው ተዛውሮ፥ ክረምቱ በጸና ጊዜ ወደ ዳገቱ ይወሰዳል። ዘር ያላገኘም ሰው ለጋውን ዘንግ ቈርጦ በመደብ ላይ ቢተክለው ሥር ይሰዳል። ሥር እስኪሰድ ድረስ ውሃ አይጉደልበት፤ ከብትም አይድረስበት። ዘሩ ሲለቀም ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቈላው አገር ሌዎኖቲስ ኔፔቲፎሊያ የሚባል፥ መልኩ ይህንኑ የሚመስል፥ ዕድሜው ግን የአንድ ዓመት ብቻ የሆነ ተክል አለ፤ እርሱ በአሜሪካና በአውስትራልያ የእርሻ አረም ሆኖ ያስቸገረው ነው። ሁለቱን ለመለየት ዘንጉን ከሥሩ ማየት ይበቃል፤ እንጨታማ ሥርና ያለፈው ዓመት የተቈረጠ ጕቶ ያለበት ራስ ክምር ነው፥ በቀላሉ ከነሥሩ ተነቅሎ የሚወጣው ግን ሌላው ነውና ዘሩ ወደ ችግኝ ጣቢያ አይግባ።